ፈታሿ ረግረግ ወረዱ

ጋምቤላ፣ ከባሮ ወንዝ በታች ካለ ረግረግ ዳር፣ የጥር ማለዳ፤ ጡረታ የወጡት የጉምሩክ ፈታሽ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ልጃቸው ትርሲት ላገባው ነው ያለችውን አስጎብኚ ቢየልን ሳያውቃቸው ሊፈትሹት «የሺመቤት እባላለሁ» ብለው ጎብኚ ሆነው መጥተዋል፤ አሁን ታንኳ ላይ አልወጣም ብለው ቆመዋል።

ደብሪቱ፦ አልወጣም አልኩ አልወጣም! ይቺ ታንኳ አይደለችም፤ ከብት የሚጠጣባት ገንዳ ናት።

ቢየል፦ እማማ፣ ገንዳ ብትሆን ውሃው ከውስጥ ነበር የሚሆነው። የኛ ውሃ ከውጭ ነው።

ደብሪቱ፦ እስካሁን! እስካሁን ከውጭ ነው። ደግሞ እማማ አትበለኝ፤ እማማ የሚሉኝ የሰፈር ልጆች ናቸው። እትዬ በለኝ።

ቢየል፦ እሺ፣ እትዬ… ማን ነበር ያሉኝ?

ደብሪቱ፦ የሺመቤት።

ቢየል፦ የሺመቤት። ይቅርታ፣ ስሙና ፊትዎ አልገጥም እያለኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ምን ማለትህ ነው?

ቢየል፦ ምንም። ቆንጆ ስም ነው። እጅዎን ይስጡኝና ይግቡ፤ መሃል ላይ ይቀመጡ።

ደብሪቱ፦ ሞተሩ የት አለ?

ቢየል፦ ሞተሩ እኔ ነኝ። ከኋላ ቆሜ በዚህ ረጅም እንጨት እገፋለሁ። ሞተር ካስነሳን እንስሳቱ በሙሉ ደቡብ ሱዳን ይገባሉ፤ እርስዎም ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ሣር አይተው ይመለሳሉ።

ደብሪቱ፦ አዞ አለ?

ቢየል፦ አለ።

ደብሪቱ፦ ጉማሬስ?

ቢየል፦ እሱም አለ።

ደብሪቱ፦ ትንሽ እንኳ አትዋሽልኝም?

ቢየል፦ ሊያዩአቸው አይደል እንዴ የመጡት?

ደብሪቱ፦ እ… አዎ። ላያቸው ነው። ሌላ ምን አመጣኝ! በል ያዘኝ። ቀስ! ቀስ በል እንጂ! ወይኔ እመቤቴ፣ ተንቀሳቀሰች!

ቢየል፦ ባትንቀሳቀስ ነው የሚያሳስበው። ጎሽ፣ እንደዚያ። ቦርሳዎን ያቀብሉኝ።

ደብሪቱ፦ ቦርሳዬን አልሰጥም። ምሳ አለበት።

ቢየል፦ ምሳ እኮ እኛ ይዘናል።

ደብሪቱ፦ የናንተን ምሳ አላውቀውም። የራሴን ቋንጣ ፍርፍር ይዣለሁ፤ ለሁለት ሰው ይተርፋል። አንተም ከኔ ጋር ነው የምትበላው።

ቢየል፦ እንሂድ መሰለኝ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።

ደብሪቱ፦ ቢየል ነው ያልከኝ? ስንት ዓመትህ ነው?

ቢየል፦ ሠላሳ አንድ።

ደብሪቱ፦ ሥራው ቋሚ ነው?

ቢየል፦ ረግረጉ ቋሚ ነው። እሱ እስካለ እኔም አለሁ።

ደብሪቱ፦ ወባ ይዞህ ያውቃል?

ቢየል፦ እኔ ስለ ወፍ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት።

ደብሪቱ፦ ወፎቹ ጋ እደርሳለሁ። ከማላውቀው ሰው ጋር ውሃ መሃል ነኝ፤ መጠየቅ መብቴ ነው። ትጠጣለህ?

ቢየል፦ ውሃ።

ደብሪቱ፦ ልብስህን ማን ያጥብልሃል?

ቢየል፦ ራሴ። ዛሬ የለበስኩትን ትናንት ነው ያጠብኩት፤ እንግዳ ይመጣል ብዬ።

ደብሪቱ፦ አንገትጌው አልጸዳም።

ቢየል፦ ከፊቴ ተቀምጠው እንዴት አዩት?

ደብሪቱ፦ ገና ስትጨብጠኝ ነው ያየሁት። አንተ ቀልደኛ ትመስላለህ። እኔ ቀልደኛ ሰው አልወድም። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ቀልደኛ ነበር።

ቢየል፦ እሳቸውን ግን ወደዋል።

ደብሪቱ፦ እሱ ሌላ ነው!

ቢየል፦ ዝም ይበሉ እስቲ። በግራ በኩል፣ ደንገሉ ሥር። አዩት?

ደብሪቱ፦ ምኑን? ግራጫ ጉቶ ነው የማየው።

ቢየል፦ ጉቶው ዓይን አለው።

ደብሪቱ፦ በስመ አብ! ወፍ ነው? አፉ ምን ሆኖ ነው? የሰው ጫማ ሊውጥ ሲል ተሰንቅሮበት የቀረ ነው የሚመስለው።

ቢየል፦ ፈረንጆቹም በጫማ ነው ስም ያወጡለት። እሱን ብቻ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሳያየውም የሚመለስ አለ። እርስዎ በመጀመሪያው ቀን አገኙት።

ደብሪቱ፦ ለምን አይንቀሳቀስም?

ቢየል፦ ዓሣው እስኪሳሳት እየጠበቀ ነው። ግማሽ ቀን ሊቆም ይችላል።

ደብሪቱ፦ እኔም እንደሱ ነበር የምቆመው።

ቢየል፦ የት?

ደብሪቱ፦ ሥራ ቦታ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉምሩክ። ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ፈትሻለሁ። ሰውየው ገና ሲቀርብ ከአረማመዱ ምን እንደያዘ አውቃለሁ። የሚዋሽ ሰው ወይ ብዙ ያወራል፣ ወይ ያለ ምክንያት ፈገግ ይላል።

ቢየል፦ እኔስ?

ደብሪቱ፦ አንተ ሁለቱንም ታደርጋለህ።

ቢየል፦ አለቀልኝ በሉኛ!

ደብሪቱ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ አትግፋ። ያ ግንድ ተነፈሰ።

ቢየል፦ የቱ ግንድ?

ደብሪቱ፦ ያውና፣ ከአበባው ወዲያ። ውሃው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

ቢየል፦ እውነትዎን ነው፤ አዞ ነው! እኔ አላየሁትም ነበር እኮ እማማ።

ደብሪቱ፦ አስጎብኚው ማን ነው ታዲያ? ወደ ወዲያ ውሰደኝ።

ቢየል፦ ይሄው እየወሰድኩዎት ነው። ጠግቧል፤ እኛን አይፈልገንም።

ደብሪቱ፦ መጥገቡን በምን አወቅህ?

ቢየል፦ ቢርበው ኖሮ እርስዎም አያዩትም ነበር።

ደብሪቱ፦ ተው እባክህ! እስቲ ሌላ ወሬ አምጣ። ሚስት አለህ?

ቢየል፦ ላገባ ነው። እሺ ከተባልኩ።

ደብሪቱ፦ ማነው እሺ የሚልህ?

ቢየል፦ እናቷ። ልጅቷ እሺ ብላለች፤ ግን «እናቴ ካልፈቀደች አላገባህም» ብላኛለች። ሽማግሌ እንኳ ገና አልላክሁም፤ እናቷ እንዴት እንደሚሆኑ ሳላውቅ ፈራሁ።

ደብሪቱ፦ እንዲህ አለችህ? ካልፈቀደች አላገባም አለች?

ቢየል፦ ምነው ደስ አለዎት?

ደብሪቱ፦ እኔን? ምን አገባኝ! ጨዋ ልጅ ናት ለማለት ነው። የዚህ አገር ናት?

ቢየል፦ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የውሃ መሐንዲስ። ጉድጓድ ልታስቆፍር መጥታ መኪናዋ ጭቃ ያዘው። እኔ ከኋላ ገፋሁ፤ እሷ ነዳጅ ረገጠች፤ ጭቃው በሙሉ እኔ ላይ። ወርዳ አየችኝና ሳቀች። ይቅርታ እንኳ አላለችም። «ዞር ብለህ ብትገፋ ኖሮ አይነካህም ነበር» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ እሷማ መቼ ይቅርታ… ማለቴ፣ የዘንድሮ ልጆች ይቅርታ አያውቁም።

ቢየል፦ እናቷም አያውቁም አሉ።

ደብሪቱ፦ ማነው ያለው?

ቢየል፦ እሷው።

ደብሪቱ፦ ሌላስ? ስለ እናቷ ሌላ ምን ትላለች? ለጨዋታ ያህል ነው።

ቢየል፦ «እናቴ እሺ ከማለቷ በፊት መጀመሪያ በደንብ እምቢ ማለት አለባት» ትላለች።

ደብሪቱ፦ ባለጌ!

ቢየል፦ ማን?

ደብሪቱ፦ ዝንቡ። ነከሰኝ።

ቢየል፦ የኔም እናት ብትሆን ቀላል አይደለችም። ትርሲትን… ልጅቷን ቤት የወሰድኳት ቀን፣ ገና ሳትቀመጥ «ላም እለቢ» አለቻት።

ደብሪቱ፦ አለበች?

ቢየል፦ ሞከረች። ላሟ ረገጠቻት።

ደብሪቱ፦ ረገጠቻት? የት? የት ጋ ነው የረገጠቻት?

ቢየል፦ ጭኗ ላይ፤ አልተጎዳችም። ተነሥታ እንደገና አለበች።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ለምን አልነገረ… ለእናቷ ለምን አልነገረችም?

ቢየል፦ እናቷ እንዳይጨነቁ ብላ ነዋ።

ደብሪቱ፦ ላም ረግጧት ዝም! እናቷ አይደለሁም እንጂ ብሆን ኖሮ… በል ተወው። እኔም አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ልጇ የናንተን አገር ሰው ላገባ ነው ብላት እንቅልፍ አጥታለች።

ቢየል፦ ጓደኛዎ?

ደብሪቱ፦ ጓደኛዬ። ያለቻት አንድ ልጅ ናት።

ቢየል፦ ምን አስፈራቸው?

ደብሪቱ፦ ስንቱን ልንገርህ! ሙቀቱ፣ ወባው፣ ርቀቱ። ደግሞ እናንተ ለሙሽራ ቤተሰብ ከብት ነው የምትሰጡት አሉ።

ቢየል፦ ልክ ነው። አባቴማ ከአሁኑ መምረጥ ጀምሯል። ምርጥ ምርጥ ላሞች።

ደብሪቱ፦ እሷ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው! አራተኛ ፎቅ! የት ልታስራቸው ነው? በረንዳ ላይ?

ቢየል፦ ሊፍት የለውም?

ደብሪቱ፦ ሊፍትማ አለው፤ ይሠራል ወይ ብለህ ጠይቅ!

ቢየል፦ እንግዲያው በደረጃ ይወጣሉ። የኛ ላሞች እግራቸው ጠንካራ ነው።

ደብሪቱ፦ አታስቀኝ፤ የምሬን ነው! የግቢው ኮሚቴ ለአንድ ድመት ስብሰባ የጠራ ነው። ላም ደረጃው ላይ ቢያይ ምን ሊል ነው?

ቢየል፦ ወተት የሚቀዳለት ከሆነ ምንም አይልም።

ደብሪቱ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ሊቀመንበሩ ለወተት ሟች ነው።

ቢየል፦ ስለ ጓደኛዎ ሊቀመንበር ብዙ ያውቃሉ።

ደብሪቱ፦ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

ቢየል፦ ቆይ፣ ቆይ። እጅዎን ከውሃው ያውጡ።

ደብሪቱ፦ ምን መጣ?

ቢየል፦ ከፊታችን፣ ማለፊያው ላይ። ጆሮዎቿን አዩ? እናት ናት። ልጇ ጀርባዋ ላይ ናት።

ደብሪቱ፦ ኧረ በማርያም! ጉማሬ ይሄን ያህል ነው እንዴ? በል አባርራት!

ቢየል፦ እሷ አትባረርም።

ደብሪቱ፦ በእንጨቱ ውሃውን ምታዋ!

ቢየል፦ ብመታው ልጇን ልነጥቃት የመጣሁ ነው የሚመስላት። እናት ስትሆን ራቅ ብሎ ቆሞ መጠበቅ ነው። በደንብ ታየናለች፤ ክፉ አለመሆናችንን ካመነች ራሷ መንገድ ትለቃለች።

ደብሪቱ፦ ባትለቅስ?

ቢየል፦ ነገ ተመልሰን እንመጣለን።

ደብሪቱ፦ ነገም ባትለቅስ?

ቢየል፦ ከነገ ወዲያ።

ደብሪቱ፦ ስማ፣ ስለ ጉማሬ ነው የምታወራው ወይስ ነገር እየወረወርክ ነው?

ቢየል፦ ስለ ጉማሬ ነው እንጂ! ሌላ ማን አለ እዚህ?

ደብሪቱ፦ ምን ታፈጣለች? እኔን ነው የምታየው።

ቢየል፦ ፈታሽ ለፈታሽ ተገናኛችሁ።

ደብሪቱ፦ አፍህን ዝጋ! ልጇ ግን እንዴት ታምራለች! አገጯን እናቷ ላይ ጣል አድርጋ… ተኝታለች እንዴ?

ቢየል፦ ውሃው ሲጠልቅ ትንሿ ይደክማታል። ያኔ እናቷ ላይ ትወጣለች።

ደብሪቱ፦ ትርሲትም ካላዘልኳት አትተኛም ነበ…

ቢየል፦ ማን?

ደብሪቱ፦ የጓደኛዬ ልጅ ናታ! እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኳት። አንድ ግቢ ነን አልኩህ እኮ!

ቢየል፦ ብለውኛል፣ ብለውኛል። ይኸው፣ ሄደችልን። አሁን እዚያች ደረቅ መሬት ላይ እንወርድና ያርፋሉ። ከኩይሳው ላይ ሆነው ሩቅ ያያሉ።

ደብሪቱ፦ ይቺ ናት ደረቅ መሬት? የኔ ሳሎን ይሰፋል እኮ። ዙሪያውን ውሃ፣ ዛፍ እንኳ የላት። ኧረ እግሬ! ደነዘዘ። በል ሳበኝ… እሰይ። ያ ማዶ ሜዳው ላይ የሚፈሰው ምንድነው?

ቢየል፦ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በዚህ ወቅት ውሃና ሣር ፍለጋ ከደቡብ ሱዳን ይሻገራል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ይመለሳል።

ደብሪቱ፦ ይሄ ሁሉ? ድንበሩን አቋርጦ?

ቢየል፦ አዎ።

ደብሪቱ፦ ሳይፈተሽ?

ቢየል፦ ማን ይፈትሸዋል እማማ?

ደብሪቱ፦ እኔ ብኖር አንዱም አያልፍም ነበር! ተመልከት፣ ተመልከት ሲዘል! አቤት የአምላክ ሥራ! ልጄ… ማለት፣ ሰው ሲነግረኝ አላመንኩም ነበር። እውነትም ዓይን ያጠግባል።

ቢየል፦ ያምራል አይደል? እኔ በየዓመቱ አየዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ሰልችቶኝ አያውቅም።

ደብሪቱ፦ ዓይን ጠገበ፤ ሆድ ግን አልጠገበም። በል ና፣ እጅህን ታጠብና ቅረብ።

ቢየል፦ እርስዎ ይብሉ። እኔ ታንኳዋን ልጠብቅ።

ደብሪቱ፦ ማን ይሰርቃታል፣ ቆርኬው?

ቢየል፦ ጠዋት በደንብ በልቻለሁ።

ደብሪቱ፦ ሆድህ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ነበር። ጉማሬ መስሎኝ ስንቴ ደነገጥኩ!

ቢየል፦ እውነቱን ለመናገር ጾም ላይ ነኝ።

ደብሪቱ፦ በጥር? ማክሰኞ ቀን? የምን ጾም ነው?

ቢየል፦ የግል ነው።

ደብሪቱ፦ ውሸት አንድ።

ቢየል፦ ደንባችንም ከእንግዳ ጋር መብላት ይከለክላል።

ደብሪቱ፦ ውሸት ሁለት። ያ ወፍራሙ ጓደኛህ ጠዋት ካምፑ ውስጥ ከፈረንጆቹ ጋር እንቁላል ሲበላ አይቼዋለሁ።

ቢየል፦ ሆዴንም ቆረጥ ቆረጥ እያደረገኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ሦስት! ተመስገን፣ ይሄን ነበር የምፈልገው።

ቢየል፦ ምኑን?

ደብሪቱ፦ ግድ የለህም። ና ወደዚህ፤ እኔው አጎርስሃለሁ። አፍህን ክፈት።

ቢየል፦ እማማ፣ ይቅርብኝ። እለምንዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? እጄ ተዘርግቶ?

ቢየል፦ አልችልም።

ደብሪቱ፦ ለምን ፊትህን ታዞራለህ? ተጸየፍከኝ? ሌሊት ተነሥቼ ነው የሠራሁት! አውሮፕላን ላይ ጭኜ፣ በዚያ መንገድ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው ያመጣሁት! እንዲህ ነህ ለካ! በቃ፣ ለጓደኛዬ ዛሬውኑ ደውዬ እነግራታለሁ። ሰዎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ይዋሻሉ፣ እጅሽንም ይጸየፋሉ፤ ልጅሽን እንዳትሰጪ እላታለሁ። አለቀ!

ቢየል፦ ለጓደኛዎ?

ደብሪቱ፦ ለጓደኛዬ!

ቢየል፦ እማማ ደብሪቱ…

ደብሪቱ፦ ምን አልክ?

ቢየል፦ እማማ ደብሪቱ አልኩ።

ደብሪቱ፦ ማን ነገረህ?

ቢየል፦ ትርሲት ትናንት ደወለችልኝ። «እናቴ ጸበል ልሄድ ነው ብላ ደወለች፤ ከኋላዋ ግን የአውሮፕላን ማረፊያው ድምፅ ማጉያ ወደ ጋምቤላ የምትጓዙ እያለ ይጣራል» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ ውሸት!

ቢየል፦ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሰምታዋለች።

ደብሪቱ፦ ወይ ጉዴ! ሠላሳ ዓመት ያንን ድምፅ ስሰማ ኖሬ… ጆሮዬ ትቶታል እኮ! ጭራሽ አይሰማኝም! ስንቱን ኮንትሮባንዲስት የያዝኩ ሴትዮ በገዛ ድምፅ ማጉያዬ ልያዝ?

ቢየል፦ «ምንም እንዳትላት፤ ራሷ ትይህ» ነው ያለችኝ።

ደብሪቱ፦ እና ከጠዋት ጀምሮ የሺመቤት እያልክ ስትጫወትብኝ ዋልክ?

ቢየል፦ አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲያ እማማ እያልኩዎት ነው፤ አስተውለው ከሆነ።

ደብሪቱ፦ ጾሙስ? ደንቡስ? ቁርጠቱስ? እሱንም ትርሲት ናት በል ያለችህ?

ቢየል፦ እሱ የኔ ነው። እኛ ኑዌሮች ዘንድ ሰው አማቱ ፊት አይበላም። እሷ እያየችው አፉን አይከፍትም፤ ነውር ነው። እውነቱን እንዳልናገር ደግሞ ምስጢሩ የትርሲት ነው። መሃል ገብቼ ቀባጠርኩ።

ደብሪቱ፦ ስታጎርሰውም?

ቢየል፦ እሱማ የባሰ!

ደብሪቱ፦ ምን አድርጋው ነው?

ቢየል፦ ምንም አላደረገችውም፤ እሱ ነው ያደረጋት። አባቴ እንዲህ ነው የሚለኝ፦ የሰው ልጅ ወስደህ፣ ደግሞ እናቷ ፊት ተቀምጠህ ትጠግባለህ? እፈር ይለኛል።

ደብሪቱ፦ አባትህ እንዲህ አለ?

ቢየል፦ እንዲህ አለ።

ደብሪቱ፦ እስከ መቼ ነው?

ቢየል፦ ልጅ እስኪወለድ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይላላል።

ደብሪቱ፦ እኛ ጋ እኮ አማቱ ያላጎረሰችው አማች ተጠላ ነው የሚባለው!

ቢየል፦ እኛ ጋ ያጎረሰችው ናት የጠላችው።

ደብሪቱ፦ ጉድ ፈላ! ታዲያ ሰርጉ ላይ እንዴት ልናደርግ ነ… ቢኖር ማለቴ ነው።

ቢየል፦ ቢኖር።

ደብሪቱ፦ ቆይ ግን፣ ቆይ። እኔ መቼ አማትህ ሆንኩ? እሺ ብያለሁ? ሽማግሌ ልከሃል? አልላክህም። ስለዚህ አማትህ አይደለሁም፤ ብላ!

ቢየል፦ እንግዲያው በአፍዎ ይበሉኝ። «ቢየል፣ አማትህ አይደለሁም፤ አልሆንምም» ይበሉኝ። ከእጅዎ እጎርሳለሁ። ሽማግሌም አልልክም። ጉብኝትዎን በሚገባ አስጨርሼ አውሮፕላን ድረስ እሸኝዎታለሁ፤ ለትርሲትም ራሴ እነግራታለሁ።

ደብሪቱ፦ እያስፈራራኸኝ ነው?

ቢየል፦ ኧረ እርቦኝ ነው እማማ! የቋንጣው ሽታ ገደለኝ።

ደብሪቱ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያለ ቀልድ።

ቢየል፦ ይጠይቁኝ።

ደብሪቱ፦ ካገባሃት አዲስ አበባ መጥታችሁ ትኖራላችሁ?

ቢየል፦ አንኖርም።

ደብሪቱ፦ ትንሽ እንኳ አታስብም?

ቢየል፦ አስቤበታለሁ። እመጣለሁ ብልዎ ደስ ይልዎታል፤ ግን ውሸት ነው። ለትምህርት ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ግድግዳ ነው የማየው። የምችለው ሥራ እዚህ ያለው ነው። እሷም ጉድጓዶቿን ጥላ መሄድ አትፈልግም።

ደብሪቱ፦ ስለ ጾም ዋሽተህ ይሄን ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት?

ቢየል፦ ይሄ የሚኖሩበት ነገር ነው። ዛሬ ብዋሽዎ ነገ ያዝኑብኛል።

ደብሪቱ፦ ፈርቼ እኮ ነው። ሙቀቱንም አይደለም፣ ወባውንም አይደለም። አባቷ ሲሞት ገና ነፍስ አላወቀችም ነበር። ያ ቤት የኔና የሷ ብቻ ነው። ሥራ ብላ እዚህ መጥታ እንኳ በየወሩ እኔ ጋ ትመጣለች። በሩን ስትከፍት «ደብሬ!» ብላ ትጮሃለች፤ እማዬ ብላኝ አታውቅም። ካገባች ግን በሩን ማን ይከፍትልኛል? ባልዋ ነህ፣ ቤቷ አንተ ጋ ነው። ነውር አግኝቼብህ እምቢ ልል ነው የመጣሁት፤ ልጄን ላስቀር። እውነቱ ይሄ ነው፣ ምን ልደብቅህ!

ቢየል፦ እና አገኙ?

ደብሪቱ፦ ምን?

ቢየል፦ ነውር።

ደብሪቱ፦ አንገትጌ አግኝቻለሁ። ሦስት ውሸት አግኝቻለሁ።

ቢየል፦ ሦስቱም እርስዎን ላለማስቀየም ነው።

ደብሪቱ፦ እሱን እየመዘንኩት ነው፤ ዝም በል።

ቢየል፦ ዝም ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቤት እየሠራሁ ነው። አንዱ ክፍል የርስዎ ነው። ትርሲት ናት ያስለየችው፣ ገና መሠረቱ ሲወጣ። ደብሬ ብላ የምትጮህበት በር እዚህም ይኖራል።

ደብሪቱ፦ ይሄ ጉቦ ነው።

ቢየል፦ ጉቦ ነው።

ደብሪቱ፦ ሠላሳ ዓመት ጉቦ ተቀብዬ አላውቅም!

ቢየል፦ ትርሲት ነግራኛለች።

ደብሪቱ፦ መስኮት አለው?

ቢየል፦ በሁለት በኩል። ወንፊትም አደርግበታለሁ፣ ለቢምቢው።

ደብሪቱ፦ ቢምቢው ቢገባ ወዮልህ! እኔ ልኖርበት ብዬ አይደለም፤ ለትርሲት ብዬ ነው።

ቢየል፦ እማማ፣ እጅዎ ይደክማል። ጉርሻውን እንደያዙ ቆዩ እኮ። ወይ ይበሉት ወይ ቃሉን ይበሉኝ፤ እኔ የሚሉኝን እቀበላለሁ።

ደብሪቱ፦ አታጣድፈኝ!

ቢየል፦ እሺ።

ደብሪቱ፦ አባትህ ጥሩ ሰው ነው?

ቢየል፦ ጥሩ ሰው ነው። ቁጡ ነው እንጂ።

ደብሪቱ፦ ቁጡ ይሻላል። ቁጡ ሰው አይደብቅም። ላሞቹን ግን ይያዝልኝ፤ እዚሁ እሱ ጋ ይዋሉ፣ ወተቱን ልጄ ትጠጣ። ደግሞ እሷን የረገጠችውን ላም እንዳይመርጥብኝ!

ቢየል፦ እነግረዋለሁ። እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?

ደብሪቱ፦ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሳህኑን ኩይሳው ጥግ አስቀመጥኩልህ። የሌላውንም ዕቃ ክዳን ከፈትኩልህ፤ ያኛው እርጎ ነው።

ቢየል፦ እና እርስዎስ?

ደብሪቱ፦ እኔ ወደ ውሃው ዞሬ ተቀምጫለሁ፤ አታየኝም?

ቢየል፦ እማማ…

ደብሪቱ፦ ምን እማማ፣ እማማ ትለኛለህ? ቶሎ ብላ እንጂ! አማት ከሆንኩ ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው፤ ብዙ ዞሬ መቀመጥ አልችልበትም።